ፊት መንከር

ሃያ ዓመት ሙሉ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባ ቀዝፌያለሁ፤
ሙሽራና ሚዜ፣ ፓስተርና ፈረንጅ አንሸራሽሬያለሁ።
ጉማሬው ያደረበትን ፊላ፣ ነፋሱ የሚዞርበትን ሰዓት
በመዳፌ አውቃለሁ።
ዋና ግን አልችልም።
ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም።

ልጄ ሎይዳ ግን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሆቴሉ ጓሮ
ዋና ትማራለች፤ ላሚሶ ነው አሰልጣኟ፣ ፊሽካው ካንገቱ ታስሮ።

በመጀመሪያው ቀን ማንም አልዋኘም።
ጠርዙ ላይ ተደርድረው እግር ብቻ ነከሩ፤
«ትልቅ ሰው ከሌለ ውሃ ዳር አልደርስም» እያሉ ዘመሩ።
እኔ ካጥሩ ሥር፣ «ለዚህ ነው የከፈልኩት?» እያልኩ አጉረመረምኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ፊት መንከር መጣ፤
መጀመሪያ አገጭ፣ ቀጥሎ ከንፈር፣ እንደ ዱቤ ዕዳ በጥቂት በጥቂቱ፤
አፍንጫ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ ክፍያው።
ኬብሮን እንደ ዳክዬ ጠልቆ ሲወጣ ከወዲያ፣
የኔዋ ግድግዳውን አቅፋ ቀረች።

ላሚሶ አልተቆጣም።
«ውሃው የትም አይሄድም»
አለና ጎንበስ ብሎ፣ «ስምሽን ንገሪው» አላት በጆሮዋ።
ነገረችው። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ፤
አረፋ ሆኖ ወጣ ስሟ፣ ከነሳቋ።

ከዚያ በጀርባ መንሳፈፍ። መዳፉን ከማጅራቷ ሥር አኖረ፤
ከዚያ ሁለት ጣት፣ ከዚያ አንድ፣
ከዚያ ምንም አልነበረ።
ልጄ ምንም ላይ ተኝታ ደመና ስትቆጥር አየሁ፤
እኔ ነኝ ትንፋሼን ውጬ የቀረሁ።

በቀጣዩ ሳምንት ውሃ ትን አላት፤ ወደ ጠርዙ ተመለሰች፣
እንደገና እግር ብቻ፤ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አለቀሰች።
ትምህርት ደረጃ መስሎኝ ነበር፣ ወጥተው የሚጨርሱት፤
ለካ የሐይቅ ሞገድ ነው፤ መጥቶ ይመለሳል፣
በተመለሰ ቁጥር ግን ከዳሩ ትንሽ ይወስዳል።

መስከረም ሲጠባ እግሯ መግረፍ ቻለ፣ ክንዷ እንደ እኔ መቅዘፍ፣
ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ሳታርፍ።

አንድ ቀን ላሚሶ ዋናውን አቁሞ ሌላ ነገር አስተማረ፤
«ሰው ሲሰጥም ብታዩ፣ ተከትላችሁ አትዝለሉ፤
የጨነቀው ሰው የያዘውን ይዞ ይወርዳል።
መጀመሪያ ጩኹ። ከዚያ ዱላ አቀብሉ።
ዱላ ከሌለ፣ ባዶ ጀሪካን ወርውሩ፤
ባዶ ነገርም ሰው ያድናል።»

ያኔ ቡናሮን አስታወስኩ፣
የሥራ ባልደረባዬን። በአንድ የነሐሴ ምሽት
የማያውቀውን ልጅ ሊያወጣ ዘለለ፤ ሁለቱም አልወጡም።
እኔ ቆሜ ጮህኩ፤ ጮህኩ።
በጀልባዬ ሆድ ውስጥ ሦስት ባዶ ጀሪካን ነበረ።

የመጨረሻው ፈተና ከነልብስ ነበር። ሎይዳ በዩኒፎርሟ፣ ከነጫማዋ
ወደቀች፤ በጀርባዋ ተገለበጠች፤ አረፍ ብላ ጠርዙን ያዘች፤
ከዚያ «ጫማዬ ተበላሸ» ብላ ተነጫነጨች።

እሁድ ጀልባዬ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ከውሃው ሰዳ፣
«አባዬ፣ አንተ ስንተኛ ሳምንት ላይ ነህ?» አለችኝ።
መቅዘፊያዬ ከውሃው በላይ ቀረ።

ማታ በሩን ዘግተን ሳፋ ሞላን።
አገጬ። ከንፈሬ። አፍንጫዬ ላይ ቆምኩ፤ ደረቴ ጠበበ።
«ውሃው የትም አይሄድም» አለች፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፤
«ስምህን ንገረው።»
የራሴን ልል ጎነበስኩ፤
የቡናሮ ሆኖ ወጣ።

ቀና ስል ፎጣ አቀበለችኝ።
«ጎበዝ» አለች፤ «ለቅዳሜ ደግሞ ጆሮህን እንጨምራለን።»