ቢጫ ሰደርያ

ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፣ የእንጀራ ገመዴ፤
ፊሽካ ባንገቴ ላይ፣ ዱላ በቀኝ ክንዴ።
ቢጫ ሰደርያዬን፣ ጠዋት እለብስና፣
ላም አባርራለሁ፣ ከአውሮፕላን ጎዳና።

አንዲት ቀይ ላም አለች፣ የነሙሄ፣ አመለኛ፣
አስፋልት ሞቆ ሲያገኛት፣ የምትሆን ዳተኛ፤
ፓይለቱ ከሰማይ፣ ይዞራል አንድ ጊዜ፣
እኔ ጭራዋን ይዤ፣ ርሼ በወዜ።

ትናንት ከቀበሌ በር፣ ማስታወቂያ አየሁ፤
ባሕር ኃይል ሰው ይሻል። ቅጹን ይዤ መጣሁ።

ሌሊት በስልኬ ላይ፣ የሌላ አገር ባሕር፣
አውሮፕላን ተሸካሚ፣ ብረት እንደ ሀገር፤
ሜዳው ውሃ ላይ ነው፣ አጭር ነው፣ ይናጣል፣
አውሮፕላኑ ግን፣ ደፍሮት ይመጣል፤
ከነፋሱ መሀል፣ አንድ ሰው ይቆማል፣
ክንዱን ይዘረጋል፣ "ወዲህ ና" ይለዋል።
ደረቱ ላይ ሳተኩር፣ እኔኑ መሰለኝ፤
ቢጫ ሰደርያ!
እንቅልፍ መች ወሰደኝ።

ጋሽ ይመርን ጠየቅሁ፣ አሰብ የነበረ፣
የጀልባ ሞተር ሥር፣ ወጣትነቱ የቀረ፤
ዛሬ ሐርቡ ወርዶ፣ ወፍጮ ነው የሚያድስ፣
ዘይት ከጥፍሩ ሥር፣ ዱቄት እስከ ቅንድቡ ድረስ።

"አንድ ቀን አየሁት፣" አለ፣ "ከሩቅ፣ ሲነጋጋ፤
ተራራ መሰለኝ፣ ጦሳ በውሃ ሲጠጋ።
ጦሳ ግን አይሄድም። ያ ግን ሄደ። አለፈ።
ጀልባችን ተንቀጠቀጠች፣ ልቤም አብሮ ከነፈ።
እኛ እንዲያ ያለ የለን፤ ወደቡም የሰው ነው፤
አብሽር፣ ቅጹን ሙላ። ግን ባሕር መቼ አየኸው?"

አላየሁም ባሕር። ሐይቅ ነው የማውቀው፤
ከቄጠማው መሀል፣ ዋና የለመድሁት እዚያው ነው።
ቦርከናንም አውቃለሁ፤ ክረምት ሲደነፋ፣
"ባሕር" ብሎ ይነሳል፣ አረፋ ሲተፋ፤
አዋሽ ይቀበለዋል፣ አፋር ያደርሰዋል፣
ከዚያ ጨውና አሸዋ፣ ተካፍለው ይጠጡታል።

ቅጹ ላይ ስም ሞላሁ፣ ቁመቴን፣ ዕድሜዬን፤
"ለምን መረጥህ?" ይላል። አኘክሁ እስክሪብቶዬን።
"ለአገሬ" ብልማ፣ ሁሉም የሚለው ነው፤
"ላም ማባረር አውቃለሁ" ብል፣ ማን ነው የማይስቀው?
"አንድ ሰው ነፋስ ውስጥ፣ ቆሞ ስላየሁት" —
እሱንም ጀመርሁና፣ መልሼ ሰረዝሁት።

ድምፅ መጣ ከደመና፤ የዕለቱ በረራ።
ቀይዋ ላም ተኝታለች፣ ከአስፋልቱ ጋራ።
ቅጹን በድንጋይ ጫንሁ፣ ነፋስ እንዳይወስደው፤
ከጥያቄው በታች፣ መስመሩ ባዶ ነው።

ፊሽካዬን ነፋሁ።