ቀሪ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከሴኡል ከተማ ሥር፣
ዶክተር ሶክ ሚራን ቆመች ልትሳፈር ባቡር።
በቦርሳዋ ሠንጠረዥ፣ ሁለት ዓምድ ያለው፤
«ሠራተኛ» አንደኛው፣ «ጥገኛ» ሌላው።
ስልሳ አምስትን ያለፈ፣ ቢሮጥም ቢለፋ፣
በሁለተኛው ዓምድ ነው ስሙ የሚሰፋ።

መጣ ማ ዱሺክ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ጫማው የተወለወለ፣ የክት ነው ኮቱ፤
ለአዛውንት በነጻ ነው የምድር ባቡር ጉዞ፣
እሱም ይውላል በዚያ የሰው ዕቃ ይዞ።

በጉያው ትንሽ ሣጥን።
«ምን ይዘዋል?»
«ጥርስ» አላት። «የሰው ጥርስ። ከሠሪው ወደ ሐኪሙ አደርሳለሁ፤
ባለቤቱ ድዱን ይዞ ይጠብቃል።
ለአንድ መንገድ ሰባት ሺህ ዎን። ደላላው ግን
ጥርሱ አፍ ሳይገባ ሁለቱን ሺህ ይነክሳል።»

መስመር ሊቀይሩ ሲወጡ፣ ደረጃው ላይ ቀደመ፣
አርባ አራት ዓመቷ ከኋላ አዘገመ።

«ዕድሜማ ረዘመ፣ ሃያ ዓመት ተጨመረ፣
ያገር ካዝና ግን ባለበት ቀረ።
ማን ይሥራ? ማን ይክፈል? እስከ ስንት ዓመቱ?
ይኼው ነው ጥናቴ፣ ይኼው ነው ጭንቀቱ።»

ሁለት ጣቢያ ዝም አለ።
ከዚያ፣
«ሱሪ ሲያጥር ከጫፉ ይቀጠላል፤
ዕድሜን ግን፣ ልጄ፣ ማን ነው ከጫፉ የቀጠለው?
በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበርኩ፣ የሌሊት ፈረቃ።
ልጄ ስትራመድ ያየኋት መሮጥ ከጀመረች በኋላ ነው።
ከሃያው ሁለቱን ያኔ ቢሰጡኝ
ዛሬ እየሠራሁ እከፍላቸው ነበር።
አሁንስ እየሠራሁ አይደል?»
በሩ ተከፈተ። ሣጥኑን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ወረደ።

ማታ ቢሮዋ ገብታ ቀመሯን ዘረጋች፣
ደመወዝ፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ሁሉን አጣራች፤
የሚብራራው ሁሉ በቁጥር ተብራርቶ፣
አንድ ነገር ቆመ ከግርጌ ተረስቶ።
በሙያዋ ቋንቋ ስሙ «ቀሪ» ነው።

ቀሪ።
ሚስቱ ሄዳለች፣ የፈረቃ ጓደኞቹ ስድስቱም፤ እሱ ቀሪ።
ልጁ የተራመደች ቀን ስም ቢጠራ፣ ያኔም ቀሪ።

ልታጠፋው ጣቷን አነሳች። ተወችው።
በዚያች ሰዓት፣ ከከተማው ማዶ፣ አንድ የማታውቀው ሰው
በደረሰለት ጥርስ
ኪምቺውን ቀስ ብሎ ያኝክ ነበር።