የዘንገና መዝገብ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ነበርሁ፣
የወሰን፣ የፍቺ፣ የሰንጋ ስርቆት
ቁጥር እየሰጠሁ፣ በክር እያሰርሁ።
በጡረታዬ ማግስት ሐኪም ጠራኝና
«ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ በእግርሽ ሂጂ» አለኝ፤
ባጃጅ ተሳፍሬ ወረድሁ ዘንገና።
(በእግር ሂጂ ተብዬ በባጃጅ መሄዴ
እስከ ዛሬ ድረስ ይታይሽን ያስቃል፤
እኔንም ሳቅ ሳቅ ይለኛል በሆዴ።)

እሷ ቀድማኝ ኖሯል።
ከኮሶው ዛፍ ግርጌ ጉም ተከናንባ፣
ጣቷን ከንፈሯ ላይ እንደ መርፌ ተክላ
«እስ!» አለች፣ ገና ሳልገባ፤
ሰላም ሳትለኝ፣ ስሜን ሳትጠይቅ፣
«እያት ያችን» አለች፣ «ትንፋሽሽ አይታወቅ።»

ተነሣች ወፊቱ።
ላይዋ እንደ ሣር ለምለም፤ ክንፏን ስትገልጠው
ውስጡ ቀይ፣ ደም ቀይ፣ ልብ የሚያስደነግጠው።
ይታይሽ ልብስ ሰፊ ናት፣ ከገበያው ጥግ
ሲንጀሯን ስትረግጥ አርባ ዓመት የኖረች፤
«ካፖርቱ ተራ ነው፤
ገበሩን እይልኝ፣ ማን ሰፋላት?» አለች።
ስሟን አናውቀውም፤ «ገበረ ቀይ» አልናት።
በማግስቱም መጣሁ።
ሳልሱንም መጣሁ።

ደብተር ገዛሁ ከሱቅ፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል፤
ልማድ መች ይለቃል — ቀን፣ ሰዓት፣ ብዛት፣ ፊርማ፣
ዓምድ አሰመርሁለት፣ እንዳይቀላቀል።
ቁራውን «ጠበቃ» ብለን መዘገብነው፣
ጥቁር ካባ ደርቦ፣ በማያገባው ገብቶ
ሲከራከር ውሎ ሲከራከር የሚመሸው፤
ያን መንቁረ ረጅም፣ ጎህ ሳይቀድ የሚጮኸውን
«ይግባኝ ባይ» አልነው።
አንዲት ግራጫ ወፍ አለች፣ ግንድ ለግንድ የምትወጋ፤
«ወስፌ» አለቻት እሷ።

አገር ግን አይተኛም።
«ሁለት ባልቴት በጠዋት ሐይቅ ዳር ምን አላቸው?
ድግምት ነው፣ ወይ ወርቅ ነው» አለች የባጃጁ ልጅ እናት።
እህቴ ከቡሬ ደወለች፦ «ምነው እቴ፣
ለአሞራ ተሳልሽ?»
ምን ብዬ ልመልስ?
ከባሌ ጋር፣ ነፍሱን ይማረው፣ ሃያ ሁለት ዓመት
አንድ ማዕድ ቆርሰን፣ እንዲህ ያለ ዝምታ
አልተካፈልንም።
ከይታይሽ ጋራ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣
ቆሏችንን ቀስ ብለን፣ ወፍ እንዳይበር ቆርጥመን፣
አንዳችን ለአንዳችን ምንም ሳንናገር
ስንት ነገር ነበር የምንነጋገር።

በጥቅምት አንድ ጠዋት — ሰማዩ ተጠርጎ፣
ውሃው መስታወት ሁኖ፣ ማዶ ያለች ጦጣ
ልጇን ስታክለት እያየኋት ሳለ —
«ዛሬስ ጉሙ ቆየ» አለች ይታይሽ።
ዞሬ ዓይኗን አየሁት።
«አዎ» አልሁ፣ «ቆየ ዛሬ።»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንቱ ምሎ ሲከዳ
ቃሉን ስከት ኖሬ፣
አንድ ቀን ያልሰጠሁትን የሐሰት ምስክር
ያን ዕለት ሰጠሁ።

እሷ ለካ ቀድሞውን
የመርፌው ቀዳዳ ከጠፋት ከርሟል።
«አታባብይኝ» አለች፣
«ክሩን የጎረቤት ልጅ ናት የምታገባልኝ።
አሁን ግን ዝም በይ...
ከግራ፣ ከጥዱ ላይ፣ ይግባኝ ባይ ነው። ሁለት።
አይ፣ ሦስት ናቸው፤ የአንዱ ድምፅ ሰልሏል።»
ሁለት ጽፌ ነበር።
ሦስተኛው ከቅጠሉ ወጣ አንገቱን አስግጎ፤
በቀይ ሰረዝሁና ከጎኑ ጻፍሁበት፦ «ይታረም።»

ባሕር ዳር ወሰድኋት። ዶክተሩ «ዘገያችሁ» አለ።
ስንመለስ፣ ዳንግላ፣ አውቶቡሱ ቆሞ፣
ሻጩ ሁሉ ሲጮህ በመስኮቱ ሥር፣
«ዋኔ ናት» አለችኝ፣ «ትሰሚያለሽ?»
አልሰማሁም ነበር።

ዛሬ ክንዴን ይዛ ነው የምትወርደው፤
ድንጋይ ሲኖር እኔ «ድንጋይ» እላታለሁ፣
ወፍ ሲኖር እሷ ትነግረኛለች።
ቅድም ከውሃው ላይ የይብራ መንጋ ተነሣ፣
ሸራ እንደሚቀደድ።
ቆጠርሁ፤ ዘጠኝ።
«አሥራ አንድ» አለች፣ ፊቷን አንጋጣ።
መስቀለኛ ጥያቄ አላቀረብሁም።
አሥራ አንድ ብዬ ጻፍሁ፤
ጣቷን መስመሩ ላይ አስያዝኋት፣
ፈረመች።