ዚያዳ

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ከቆርቆሮ ቀጥቃጮች ተርታ፣
አባቴ ሸምሲ አባ ዋሪ፣ በመስኮት ዳር ጠባብ ቦታ፣
የተተኮሰ ቀለህ ይዞ ውስጡን ይጠርግ ነበር፣
እንደ ሕፃን ጆሮ በጥጥ፣ በቀስታ፣ ዳር ዳር።

ባሩዱ በቆርቆሮ ነው፤ ወረቀቱን ብል በልቶታል፣
ከፋብሪካው ስም የቀረው አንድ ተኩል ፊደል ይሆናል።
ከግሪኩ ሱቅ የገዛው፤ ሱቁ መድኃኒት ቤት ነው ዛሬ፤
ፋብሪካውም ተዘግቷል፣ ይላል የሹፌሮች ወሬ።
«እንዲህ ያለ አይሠራም ከእንግዲህ» ይላል፣ ክዳኑን እየጠረገ፣
የሞተ ዘመድ እንዳነሣ ድምፁን ዝቅ እያደረገ።

ሚዛኑ የወርቅ አንጥረኛ ነው፣ ከአጎቱ የወረሰው።
ነፋስ እንዳይገባ በሩ ይዘጋል፤ ሲጋራ የያዘ ሰው
እስከ ጋሪ ማቆሚያው ይሰደዳል።
ከዚያ ማንኪያዋን ነካ፣ ነካ፤
ፍሬው አንድ፣ ሁለት ይወርዳል፤
እኔ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ፣ ግራና ቀኙ እስኪለካካ።

ዚያዳ ብሎ የሰየመኝ እሱ ነው።
ከስድስት ወንዶች በኋላ መጣሁ፤ በገበያ ቋንቋ ምርቃት።
ለባሩድ ግን ዚያዳ አይወድም፤ ይቆጣል በአንዲት ቅንጣት።
«ስምሽን በር ላይ አውልቂው፣ እንደ ጫማ» ይለኛል፣
«ካላመንሽ የአባ ገሮን አውራ ጣት ጠይቂው፤
ካገኘሽው ይነግርሻል።»

በየዓመቱ በልግ ሳይገባ ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል።
ደህና ባሩድ ሽታው ሹል ነው፤ የጥፍር ቀለም ይመስላል።
«አልከፋውም» ይልና ይዘጋዋል፤
አንድ ዓመት ተጨመረ ማለት ነው፣
ለቆርቆሮውም ለእሱም ይመስለኛል።

ያን ዓመት አሸተተና አፍንጫውን በክንዱ ከለለ።
አቼቶ። የከረመ አቼቶ።
ከክዳኑ ሥር ቀይ ብናኝ፣ በርበሬ የመሰለ።

በዚያው ሳምንት ከሰቃ ጣሃ አባ ዲኮ መጣ፣
ሰባት ባዶ ቀለህ በመሐረብ፣ አንድ ጠርሙስ ማር፣ ብዙ ቁጣ።
«አምና በቆሎዬን ከርከሮ ከሥሩ ነቅሎ ጨረሰው፤
ዘንድሮ ቀድሜ ልጠብቀው። ሙላልኝ፣ አንተ ሰው!»
«አይሆንም። ተበላሽቷል።»
«በአዲስ ባሩድ ሙላው ታዲያ፣ ልኩ እንደሆን በእጅህ ነው።»
«በሟች ሚስቱ ልክ ለአዲሷ ቀሚስ የሚቀድ ማነው?
ጠባይዋን አላውቅም» አለ፣ ማሩንም መለሰለት።
ቀለሁን ግን ጣሃ ረሳው፤ ወይ ተናዶ ተወለት።

ማታ ባሩዱን በባልዲ ውኃ ዘፍዝፎ ጓሮ ወሰደኝ፣
ቦዬ ረግረግ አፋፍ፣ ገና ያልተዘራው መደብ ዳር አቆመኝ።
«አሁን ስምሽን አጥልቂው፤ አፈር ትርፍ አይጠላም» አለኝ።
እፍኝ በእፍኝ በተንን፤ ጥቁሩ ውኃ እግሬን በላኝ።

በነሐሴ በቆሎው ከጣሪያችን በለጠ።
የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ምን አደረጋችሁበት ይላል፤
አባቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል።
አንድ ሌሊት ዝናብ ሲያባራ ከረግረጉ ከርከሮ ዘለቀ።
ሲነጋ አባቴ ኮቴውን አየ፣ አገዳውን አየ፣
ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።
«ዚያዳ፣ ይኸው ገባለት፤ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ባሩድ፤
አረር የለ፣ ጭስ የለ፣ ቀጥታ ከአፉ ወደ ሆድ!»

ቆርቆሮው ዛሬ የእኔ ነው፤ ቁልፍና መርፌ ይዟል፤
ሰባቱም ቀለህ ከሥሩ አሉ፤ ጣሃ አልጠየቀም፤ ጊዜው ሄዷል።
አጂፕ ሠፈር የተማሪ ልብስ እሰፋለሁ።
ልጅ ያድጋልና ከጫፉ ላይ
ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ አጥፌ እተዋለሁ።
ዝናባማ ቀን ክዳኑን ስከፍት ግን
እጄን ከመስደዴ በፊት
አሸታለሁ።