ቀሪ

«ሰኞ ይፈርሳል» አሉን አሮጌው ማዘጋጃ፣
«ለዩ፤ ይህ ለእሳት ነው፣ ይህ ደግሞ ለመረጃ።»
ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ በመስኮት ሲገባ፣
ሦስት መዝገብ አገኘሁ ባለ ቆዳ ጀርባ፦
አንደኛው የሚዛን ቤት፣ ሁለተኛው የዕድር፣
ሦስተኛው የሳልህ ሱቅ፣ የደብረ ሲና ዱቤ፣ ቁጥር በቁጥር።

የሳልህ እጅ ጽሕፈት፣ ከየመን የመጣው፣
ዐረብኛው ከቀኝ፣ አማርኛው ከግራው
ተነሥተው ይሄዳሉ ገጹን አቋርጠው፤
የሚገናኙትም ብሩ ጋ ነው፣ ዕዳው።

    ሚያዝያ ሃምሳ ስምንት። ሸዋረጋ ይርገጤ፦
    ላምባ ግማሽ ጠርሙስ፣ ጨው፣ አንድ ፍሬ ሳሙና።
    የከፈለች አንድ ብር። ቀሪ፦ ሦስት ብር ከስሙኒ።

ዕድሩን ብገልጠው እሷው ናት፣ በወሩ፤
ዳኛው አቶ እንግዳሸት ስሟን ቢጣሩ
አቤት ባይ የለም። ቀሪ። አሥር ሳንቲም መቀጫ።
ቀሪ፣ በግንቦትም። ቀሪ፣ በሰኔ መባቻ።
በምክንያት ዓምዱ ሥር ጸሐፊው ምን ጻፈ?
«አልታወቀም» ብሎ፣ አራት ነጥብ ነጥቦ አለፈ።

ሳልህ ግን ያውቅ ነበር፤ መቼም ባለሱቅ
ሰው የገዛውን አይቶ ቤቱን ያውቃል፣ ሳይጠይቅ፦

    ግንቦት፦ ስኳር ሩብ ኪሎ፣ አስፒሪን ሁለት።
    ሰኔ፦ አስፒሪን አራት፣ ሻማ።
    ሰኔ፣ ደግሞ በሳምንቱ፦ አቡጀዲ። አንድ ክንድ ተኩል።

አንድ ክንድ ተኩል ለምን ይበቃል? ለቀሚስ አይሆን፣ ለነጠላ፤
እኔም የልጅ አባት ነኝ፤ ጣቴን ከመስመሩ ሳብኩ ወደ ኋላ።
የዕድሩ ደንብ፣ አንቀጽ ስድስት፣ በጥርት ያለ ቀለም፦
«ለጨቅላ ልጅ ሞት ጥሩንባ አይነፋም።»

ከዚያ ወዲያ ስሟ አንዴ ብቻ አለ፣ ያለ ዕቃ፤
«ቀሪ» ተብሎ፣ ቁጥር የለም፤ ዐረብኛ ቃል ግን አለ፣ ደቃቃ።
መስጊድ ወስጄ ለሼህ ይማም ባሳያቸው፣ መነጽራቸውን ጠርገው
«ተከፍሏል ይላል» አሉኝ።
«በማን?» ብል፣ «እሱን አልጻፈው።»

ቅጹን ሞላሁ። ብዛት፦ ሦስት። ይዞታ፦ አይጥ የቀመሰው።
«ይወገድ» የሚለው ጋ ብዕሬን ይዤ አመነታሁ፣
«ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ።
መኪናው ውጭ ይጮኻል፣ ሾፌሩ «ቶሎ በል» ይላል፤
የሚዛን ቤቱን መዝገብ ማሰሪያ ገና አልፈታሁ።