ሰባት እርምጃ

የወጥ ቤቴ ርዝመት ሰባት እርምጃ ነው፤
ከምድጃው እስከ በር ጣውላውን ያሳሳው
የኔ እግር ነው፣ ሊሳንድሮ፤ አንተማ አልረገጥከው።
ሃያ ስድስት ዓመት ተመላለስኩበት፣
ጆሮዬ ላይ ዘፈን፣ ልቤ አንተ ቤት።

አሥራ አምስት ዓመቴ፤ የቺሎዌ ዝናብ
ጣሪያውን፣ አባቴ በሩን ሲደበድብ፣
ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ፈጠርኩህ በሐሳብ።
ስምህን አንድ ጀልባ ጎን ላይ አነበብኩት፣
ድምፅህን ከሬዲዮ ዜና አንባቢ ወሰድኩት፣
የቅንድብህን ጠባሳ እኔው ነኝ ያኖርኩት፤
እንከን የሌለው ሰው ያኔም አላምንም።

ከዚያ አረጀን። ማለቴ፣ እኔ ብቻ አረጀሁ፤
አንተን ሠላሳ ዓመትህ ላይ አስቀረሁ።
ሦስቴ አግብተኸኛል፤ ሁለት ጊዜ ሞትክ፤
ከልቤ አልቅሼ ቀበርኩህ፤ ተነሣህ፣ ተመለስክ፣
ማክሰኞ ፈረቃው ረጅም ስለሆነ።

ፋብሪካው ውስጥ ውሃው አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤
ጥቁሩ ዛጎል በቢላ አፉን ይከፍታል፣
ቀበቶው ይጓዛል፣ ሌላ ዛጎል ይመጣል፤
እጄ እዚህ ይሠራል፣ እኔ ግን አንተ ጋ
ነጭ ድንኳን ሥር ነኝ፣ በማያልቅ በጋ።
ኃላፊዋ ስታልፍ ፈገግ ስል ታየኛለች፤
“ደልሚራ ሥራዋን ትወዳለች” ትላለች።

ያስናን ግን... ያስናን ካንተ አልወለድኳትም።
(ያንተዎቹ ሁለቱ ጥርስ አይነቅሉም፣
አያተኩሳቸውም፣ አይጠይቁኝም።)
አንድ ማታ መጥታ አፏን ከፍታ ቆመች፤
“እማ፣ ሦስት ቀን ሆነው” ብላ ድዷን አሳየች።
የክብሪት ቀፎ ውስጥ ጥርሷን አስቀምጣ
ሦስት ቀን ጠብቃ፣ እኔ ካንተ እስክመጣ።
አልተቆጣችኝም።
ብትቆጣኝ ኖሮ ሮጬ ላንተ እነግርህ ነበር።

ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጀርባ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ
አምስት ሴቶች ሆነን አንዲት የጋዝ ማሞቂያ እንከባለን።
ኔልዳ አውቶቡስ ላይ፣ ዳኛ ፊት ቆማ ስትከራከር
አሥር ዓመት ሙሉ መውረጃዋ ያልፋት ነበር።
ኤርሲሊያ የሞተ ባሏን አሻሽላ አኑራዋለች፤
“በሕይወት ሳለማ እንዲህ አያዳምጠኝም” አለች።
ሳቅን። ቀጥለን ዝም አልን።
የኔ ተራ ሲደርስ ስምህን ጮክ ብዬ ጠራሁ፤
ካፌ ስትወጣ ምን ያህል እንደምታንስ አየሁ፤
ውሃ ውስጥ እንቁ መስሎ፣ ኪስ ውስጥ ሲደርቅ
ተራ ጠጠር እንደሚሆን።

አልዋሽህም፣ ከፋኝ። ላልነበረ ሰው
ማን እዝን ያመጣል? እንባዬን ማን አበሰው?
ለፋብሪካው ሴቶች “ጉንፋን ነው” አልኳቸው።

ማዳመጫውን ለኔልዳ አስረከብኳት፤ እግሬ ግን
መንገዱን ያውቀዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት
በባዶ እግሬ ስመላለስ ራሴን ያዝኳት።
ጠረጴዛውን ጎትቼ መሃል ላይ ገተርኩት።
ሦስት ጊዜ ተጋጨሁ፣ ዳሌዬ በለዘ፤
አራተኛው ሌሊት እግሬ ታዘዘ።
አሁን እራታችንን የምንበላው እዚያ ነው።

ፋብሪካው ውስጥም ዛጎሉን አያለሁ፤
አንዳንዱ ሆድ ውስጥ ሸርጣን አገኛለሁ፣
የጥፍር ያህል፣ ነጭ፣ እግሯን የምታወራጭ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ነበረች።

አልገደልኩህም። ሁለቴ ሞክሬዋለሁ፣ አይሠራም።
ባሕሩ ሲሸሽ፣ የቤታችን የእንጨት እግሮች ጭቃው ላይ ሲቀሩ፣
አሁንም ብቅ ትላለህ፤ ትቆማለህ ከበሩ።
ቃል ስለማላቀብልህ የምትለው የለህም።
ያስና ስለ አንድ አንካሳ ውሻ ታወራልኛለች፤
ወሬው መላ ቅጡ ጠፋበት፣
የውሻው ስም ሁለቴ ተቀየረ፣ ሾርባው ጨው በዝቶበት፣
ጣሪያው ያፈሳል፤ “ባልዲውን አቀብይኝ” እላታለሁ።
ትስቃለች፤ አፏን አያለሁ፤
አዲሱ ጥርሷ
ትንሽ ጠመም ብሎ እየወጣ ነው።