ለአዲሱ አብራሪ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት

ቪልያሚ፣ ይሰማል? ስቴይኑን ነኝ፣ ከኢሳፍዮርዱር፤
ከጣቢያው እንደወጣህ ሰማይ እያደነቅህ አትዙር።
ቆሞ የሚደነቅ ላዳኝ ይመቻል፤
ኮከቡ የትም አይሄድ፣ ነገም ያበራል።

«ገንዘብህን ላክልኝ፣ እጥፍ አድርጌ ልመልሰው»
ካለህ ደግ ሰው፣
እለፈው፤
እዚህም ያልጠረጠረ ነው የሚመነጠረው።

በግዙፍ መርከብ አትጎምጅ። እኔ ጎምጅቼ
ቀን ዓሣ ፋብሪካ ውዬ፣ ማታ ጠፈር ላይ አለት ፈልጬ፣
ስምንት ወር ለፍቼ ገዛሁ፤
በአራት ደቂቃ ነደደ፣ ቁጭ ብዬ አየሁ።
እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፦
ሲነድ የማያስለቅስህን ብቻ ነው የምታበርረው።

ያቃጠለኝ ሰው ግን በዚያው ሌሊት ጻፈልኝ፤
«በደንብ ተዋጋሽ» ብሎ የትንሽ መርከብ ዋጋ ላከልኝ።
ራዶስዋቭ ይባላል፣ ሉብሊን ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል፤
አሁን በግራህ ያለው እሱ ነው፣
ይጠብቅሃል።

ብቻህን አትብረር። ሌላው ምክር ሁሉ ይረሳል።
እኔንም ከሦስት ሰዓት በኋላ ቢላዬና ዓሣው ይጠብቁኛል።
በሩ ተከፍቷል፣ ዝለል።

ቆይ፣ ቆይ፤
መድን ገብተሃል ወይ?